ሐረጎን የሚወርድ ፍሬን፦ ለፈጣን መኪና ሸራና ዲስክ መምረጥና መንከባከብ

[ምስል፦ ጠዋት፣ ሐረጎ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው ቁልቁለት። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። አንድ ተሳቢ በከባድ ማርሽ እየተንቀራፈፈ ይወርዳል።]

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ይሄን ተሳቢ እዩት። ሹፌሩ ፍሬን አልያዘም። ሞተሩ ነው የያዘው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግን ወደ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወስዳችኋል። እነዚህ ሹፌሮች ቁልቁለቱን ያውቁታል። እኛ ባለ ቱርቦ መኪና የያዝነው ልጆች ነን የማናውቀው።

ዛሬ ስለ ፍሬን ሸራና ስለ ዲስክ ነው የማወራው። ዲስኩ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው ብረት ነው፣ ሸራው ደግሞ ፍሬን ስትረግጡ እሱን የሚጨብጠው። መጀመሪያ ግን የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ሱባሩ አለኝ፣ ቱርቦ ያለው። ሸራው አልቆ ስለነበር ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ በርካሽ ገዛሁና ያው ቀን አስገጠምኩ። ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ፒያሳ ላይ፣ አሪፍ ነበር። ነካ ስታደርጉት ቀጥ ይላል። በሦስተኛው ቀን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከፊቴ ተሳቢ ገባ፣ መቅደም አይቻልም፣ እና እኔ በአራተኛ ማርሽ ሆኜ ፍሬን እየያዝኩ እየለቀቅኩ፣ እየያዝኩ እየለቀቅኩ ተከተልኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ ሽታው መጣ። ያንን ሽታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚቀር የተቃጠለ ሸራ። ከዚያ ፍሬኑን ስረግጠው ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። በሙሉ ጉልበቴ ረገጥኩት። መኪናው ግን ይሄዳል። ማርሽ ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ እየሳብኩ ዳር ይዤ አቆምኩ። አላህ አተረፈኝ ነው የምለው።

[ምስል፦ ሁለት ሸራ ጎን ለጎን። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያ የኔ።]

ይሄ ያ ሸራ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ጠርዙ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ኮምቦልቻ ላይ የፈታልኝ መካኒክ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በእጃቸው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ሸራ አላለቀም፣ በስሏል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው። የዲስኩን ፊት አሳዩኝ። ሰማያዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ብረት ሰማያዊ የሚሆነው ከመጠን በላይ ሲግል ነው።

እና ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ፍሬን መኪና አያቆምም። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ይቀይራል፣ መኪናው የሚቆመው በዚያ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት የ20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ነፋስና ሞተር ይወስዱላችኋል። ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጋችሁ ከወረዳችሁ ግን ሞተሩ የሚወስደውም ዲስክና ሸራ ላይ ነው የሚወድቀው። ፍጥነት ደግሞ የባሰ ነው። ከ50 ወደ 100 ስትጨምሩ ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው።

ስለዚህ ሸራ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይይዛል ወይ?» አይደለም። አዲስ የመንገድ ሸራ ሁሉ ቀዝቅዞ ሳለ ይይዛል። ጥያቄው «ሲግል ይይዛል ወይ?» ነው።

[ምስል፦ የሸራው ጠርዝ በቅርብ። የታተሙት ቁጥሮችና ፊደሎች።]

ብዙ ሸራ ላይ፣ ጠርዙ ወይም ጀርባው ጋ፣ ከረጅም ቁጥር መጨረሻ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ታገኛላችሁ። ኤፍ ኤፍ፣ ጂ ጂ፣ ኢ ኤፍ፣ እንዲህ ያለ። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በመደበኛ ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ ነው የሚነግራችሁ። ሁለተኛው ሲግል። ኢ ማለት የመያዝ አቅሙ (የሰበቃ ቁጥሩ) ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ፣ ለምሳሌ ጂ ኢ ከሆነ፣ ከተማ ውስጥ ደስ ይላችኋል፣ ቁልቁለት ላይ ይከዳችኋል። ለኛ መንገድ ቢያንስ ኤፍ ኤፍ እላለሁ። ፊደሉ የሚለካው ላብራቶሪ ውስጥ በትንሽ ቁራጭ ስለሆነ ሸራው ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል አይነግራችሁም፣ ግን ከምንም ይሻላል። የኔ ያ ርካሽ ሸራ? ምንም ፊደል አልነበረውም። ባዶ ብረት።

ከአውሮፓ የመጣ ሸራ ከሆነ ደግሞ «አር 90» የሚል ማረጋገጫ ፈልጉ። የያዘው ሸራ አሠራሩ ከፋብሪካው ሸራ በ15 በመቶ ክልል ውስጥ እንዲሆን ይገደዳል። እሱ ጥሩ መነሻ ነው።

ስለ ዓይነቱ ባጭሩ ልበል። ኦርጋኒክ የሚባለው ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ዲስክ አይበላም፣ ግን ሙቀት አይችልም። ሴራሚኩ ንጹህ ነው፣ ቸርኬያችሁን በጥቁር ብናኝ አያጠቁርባችሁም። ከፊል ብረት ያለው ብናኙም ድምፁም አለ፣ ዲስኩንም ይበላል፣ ሙቀቱን ግን ተሸክሞ ይወርዳል። ለፈጣን መኪና፣ ለደሴና ኮምቦልቻ መንገድ፣ እኔ የምመርጠው ጥሩ ስም ያለው አምራች ለመንገድ ብሎ የሠራውን ከፊል ብረት ነው። የውድድር ሸራ ግን አትግዙ። ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ ትጎመጃላችሁ፣ አውቃለሁ። የውድድር ሸራ ካልጋለ አይሠራም። የደሴን ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። በዚያ ብርድ ከግቢ ወጥታችሁ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ባጃጅ ሲገባባችሁ ያ ውድ ሸራ ይንሸራተታል።

[ምስል፦ ሁለት ብርጭቆ። አንዱ ውስጥ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ ሌላው ውስጥ አሮጌ።]

አሁን ከሸራም ከዲስክም በፊት መቅደም ያለበትን ልናገር። ዘይቱ። አዲሱን እዩት፣ ብርዝ ይመስላል። ይሄኛው ከኔ መኪና የወጣው ነው። ጠላ መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል። ዶት የሚባለው የዘይቱ ደረጃ ነው። ዶት 4 አዲስ ሆኖ መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፣ ውሃ ከገባበት በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ እና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል።

ልዩነቱን ያዙልኝ፣ ነፍስ ያተርፋል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው ካልቆመ ሸራው ነው የበሰለው። ፔዳሉ ሰፍነግ ሆኖ ከሰመጠ ዘይቱ ነው የፈላው፣ ወይም አየር ገብቷል። በሁለተኛው ጊዜ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ቶሎ ቶሎ እየረገጣችሁ ማርሽ አውርዱ። ዘይት በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ለፈጣን መኪና እኔ በየዓመቱ ነው የምቀይረው፣ ክረምቱ እንዳለፈ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 5.1 ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ፈጽሞ አይቀላቀሉም።

ደሴ ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው በሸራ ያሳብባል። ከፔዳሉ ጀርባ፣ ሞተሩ በኩል፣ ክብ ድስት የሚመስል ነገር አለ። እግራችሁን የሚያግዘው እሱ ነው። የሚያግዘው ደግሞ በውጭ አየር ግፊት ነው። 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲወዳደር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ያ ድስት ሊሰጣችሁ የሚችለው ትልቁ እገዛ ይቀንሳል፣ አጥብቃችሁ ስትይዙ እግራችሁ ይበልጥ ይሠራል። ቀጭኑ አየር ዲስክም እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም። ከጅቡቲ ወይም ከአዋሽ የመጣ ሰው «ፍሬኔ ደከመ» ቢል አይገርመኝም። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ እብደት ነው። ሁለት ሦስቴ ከረገጣችሁ በኋላ ያ እገዛ ጭራሽ ያልቃል።

[ምስል፦ ሦስት ዲስክ። ሜዳ፣ የተቦረቦረ፣ ቀዳዳ ያለው።]

ወደ ዲስክ። ቀዳዳ ያለው ዲስክ ያምራል፣ ይሄን አልክድም። ግን ቀዳዳው አጠገብ ብረቱ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ሙቀት የሚሸከመው ብረትም ይቀንሳል። ቦይ የተቦረቦረበት የሸራውን ፊት ይጠርጋል፣ ሸራ ግን ቶሎ ይበላል። ለመንገድ፣ መሃሉ ነፋስ የሚያስገባ ሜዳ ዲስክ፣ ጥሩ ብረት ከሆነ፣ ይበቃችኋል። ገንዘቡን ዘይትና ሸራ ላይ አውሉት። ዲስክ ከባድ መሆኑም ሙቀት ለመያዝ ይጠቅመዋል፣ ሁለት ሳጥን በእጃችሁ መዝኑ፣ በጣም የቀለለውን ተዉት።

ዲስኩ ጠርዝ ወይም መሃል ላይ «ሚን» ከሚል ጽሑፍ ጋር ቁጥር ታትሟል፣ ለምሳሌ 22 ሚሊ ሜትር ይዞ የተሠራ ዲስክ 20 ሊል ይችላል። ከዚያ ከቀጠነ ይጣል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ የሚቻለው ከተላገ በኋላም ከዚያ ቁጥር በላይ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው። መሪው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም «ዲስኩ ተጣመመ» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ አልተጣመመም። የሸራው ቅሪት የዲስኩ ፊት ላይ ሳይስተካከል ተለጥፏል፣ አንዱ ጋ ወፍሯል። የውፍረቱ ልዩነት 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ እጃችሁ ላይ ሊሰማ ይችላል። ከጸጉር ይቀጥናል።

ይሄ ደግሞ የሚመጣው አዲስ ሸራ ሳይለማመድ ሲቀር ነው። የኔም ጥፋት እዚህ አለበት። አዲስ ሸራና ዲስክ መጀመሪያ መላመድ አለባቸው። ዲስኩን በፍሬን ማጽጃ እጠቡት፣ ከፋብሪካ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ከዚያ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሳለ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ወጣ በሉና ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። ከብት እዩ፣ ሰው እዩ። ከ80 ወደ 20 ያህል አጠንክራችሁ ያዙ፣ ሳትቆሙ ልቀቁ፣ ፍጥነት ጨምሩ፣ ድገሙ። 8 ወይም 10 ጊዜ። ትንሽ ሽታ ይኖራል፣ አትደንግጡ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ በቻላችሁት መጠን 10 ደቂቃ ንዱ፣ ይቀዝቅዝ። በመሃል ቆማችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትጠብቁ፣ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ቅርጹን ያትማል።

[ምስል፦ ጋራዥ። ጎማ ወርዷል፣ መኪናው ክሪክ ላይ ብቻ ሳይሆን በድጋፍ ላይ ነው።]

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ይጸዱ። የሚቀባቸው ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ይሁን፣ ለኩሽኔታ የሚሆነው ተራ ግራሶ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ፒኑም ይነክሳል። የነከሰ ፒን ምልክቱ የውስጡ ሸራ አልቆ የውጩ አዲስ መሆኑ ነው። ዲስክ የሚቀመጥበት ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይነሳ። ብናኙን በአየር አታስነፉ፣ ሳንባችሁ ውስጥ ነው የሚገባው። ሸራ ሁሌም በግራም በቀኝም አንድ ላይ ይቀየር፣ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው። ብሎኑ በመስቀል ቅርጽ ይጠበቅ።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ፣ እናንተንም አልረሳሁም። ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለምትመልሱ ሸራችሁ ቶሎ አያልቅም፣ ዲስካችሁ እንዲያውም ይዝጋል። ግን ደሴ አድራችሁ ባትሪ መቶ በመቶ ሞልታችሁ ሐረጎን ከወረዳችሁ ባትሪው ሌላ አይቀበልም። የከባዱ መኪና ክብደት በሙሉ ዲስኩ ላይ ይመጣል። 80 በመቶ አካባቢ ላይ ነቅላችሁ ውረዱ፣ ቁልቁለቱ ራሱ ትንሽ ይጨምርላችኋል።

[ምስል፦ ኮምቦልቻ። መኪናው ዳር ይዟል፣ ጎማው በቅርብ።]

አብሽሩ፣ ደረስን። ኮምቦልቻ ስትገቡ ወዲያው የእጅ ፍሬን ስባችሁ አትሂዱ። ሜዳ ላይ ማርሽ ውስጥ አስገቡት፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። ከዚያ ሻይ ከማዘዛችሁ በፊት በአራቱም ቸርኬ አጠገብ መዳፋችሁን ሳታስነኩ አስጠጉ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ ቢግሉ ልክ ነው። ግራና ቀኝ ግን እኩል መሆን አለባቸው። የኔ የቀኙ የፊት ጎማ ያን ቀን ከግራው በጣም ይግል ነበር። መካኒኩ ሲፈቱት አንዱ ፒን ዝጎ ነክሷል፣ በመዶሻ ነው የወጣው።