ቦራን ከሰኮናው ጀምሬ ሳጥበው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ፈረስ ስለ ማጠብ ነው። የእኛን ቤት ፈረስ ቦራ እንለዋለን፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በጥር ጠዋት ሣሩን ውርጭ ይመታዋል። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ፣ ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ ቦራን ለጉግስ ላሳምረው ብዬ በማለዳ ወንዝ ወረድኩ። ዛፍ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ከኋላው መጣሁና አንድ ባልዲ ውሃ ጀርባው ላይ ቸለስኩበት።

ዘለለ። ገመዱ ሲይዘው ጭራሽ ባሰበት። ሲታገል ወደቀ፣ ጉልበቱ ተላጠ። ያ ጉልበት ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ከዚያ በኋላ ባልዲ ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ "ይሄ ፈረስ ውሃ ይፈራል" እል ነበር።

አጎቴ ሰምቶኝ፣ "የሚፈራውስ አንተን ነው" አለኝ። "ፈረስ ልክ ከኋላው ያለውን አያይም። መጀመሪያ ድምፅህን ይስማ፤ ከዚያ እጅህን ትከሻው ላይ አሳርፍ።"

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ አብረን ወጣን። አጎቴ ገመዱን ላላ አድርጎ ያዘ። እጁ ላይ ግን አልጠመጠመውም፤ ፈረስ ከደነበረ ጣት ይዞ ይሄዳል። ሁለታችንም በአንድ ወገን ቆምን። የፊት ሰኮናውን ብቻ አራስኩና፣ "በቃ፣ ለዛሬ ይበቃዋል" አለኝ። በሁለተኛው ቀን እስከ ጉልበቱ። በሦስተኛው ትከሻው። ጀርባው ላይ ውሃ የፈሰሰው በአራተኛው ቀን ነው። ቦራ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ።

ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው የምጠርገው፤ ጆሮው ውስጥ ውሃ እንዲገባ አልፈልግም። ሳሙና ጥቂት ይበቃል፤ በደንብ ካልለቀቀ ያሳክከዋል።

ማድረቁን ግን አደራ። እኔ ድርቆሽ ጨብጬ አሸዋለሁ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አንሸራሽረዋለሁ። ጀርባው ሳይደርቅ ኮርቻ አይጫንም። እርጥብ ቆዳ ቶሎ ይላጣል፤ ገጣባ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጀርባው የቆሰለ የጋሪ ፈረስ መንገድ ላይ ሳይ ሆዴ ይባባል።

አሁን ለጥምቀት ቦራን የማጥበው ጥር 8 ነው።