ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ሲሄዱ ለምን ይረዝማል?

[ምስል፦ የዓለም ካርታ፤ ሁለቱ ከተሞች በቀይ ነጥብ]

ዲሲ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል። ከዚያ ሲመጡ አውሮፕላኑ አንዴ ከተነሳ ቦሌ ነው የሚያርፈው፤ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሲሄዱ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ጉዞው በጠቅላላ 16 ወይም 17 ሰዓት ይሆናል።

ርቀቱ እኮ ያው ነው፤ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር።

[ምስል፦ ሉል ላይ የተወጠረ ክር]

አጭሩን መንገድ ለማየት ክር ሉል ላይ ወጥሩ። ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ በኩል ወጥቶ ፖርቱጋል ላይ እኩሌታው ይደርሳል፤ ከዚያ አትላንቲክን ያቋርጣል። አብራሪዎች ግን ሁልጊዜ ክሩን አይከተሉም። ሱዳን በ2023 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲነሳ የአየር ክልሏን ዘጋች፤ ያኔ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆነ።

[ምስል፦ ቦሌ፤ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ]

የማረፉ ዋና ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። ፍጥነት በሚያስፈልግበት ሰዓት ጉልበት ያጥራል ማለት ነው፤ ማኮብኮቢያው ደግሞ ማለቂያ አለው።

ክብደቱን አስቡት። ቦይንግ 787-8 ታንኩ ጢም ሲል ነዳጁ ብቻ ወደ 100 ቶን ይመዝናል። በዚህ ላይ መንገደኛ፣ ሻንጣና ጭነት አለ። ይህን ሁሉ ይዞ ከቦሌ መነሳት ከባድ ነው። ስለዚህ ወይ ሰው ይቀነሳል፣ ወይ ነዳጅ። የሚቀነሰው ነዳጁ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ሮምና ደብሊን ላይ እየታረፈ ሲቀዳ የኖረውም ለዚህ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳን አይሞላም። ከዚያ ታንክ ሞልቶ መነሳት ይቻላል።

[ምስል፦ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ነፋስ]

ነፋሱም ያዳላል። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በፈረንጆች ክረምት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥንበት ጊዜ አለ። ወደ አገር ቤት የሚመጣውን ከኋላ ይገፋል፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይይዛል።

[ምስል፦ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን]

አሁን ቦሌ ሄዳችሁ ለምትቀበሉ። በፈረንጆች ክረምት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ በበጋቸው በ7። ዘመዳችሁ ጥር ውስጥ ማክሰኞ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሳ እንበል። ከ13 ሰዓት በኋላ እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። 8 ሰዓት ጨምሩበት፤ በእኛ አቆጣጠር ረቡዕ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቦሌ ይደርሳል። ትኬቱ ላይ የምታዩት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 8 የሚለውን 2 ብላችሁ አንብቡት። ቀኑንም እዩ፤ ማክሰኞ የተነሳ ሰው ማክሰኞ አይደርስም።