«ነበር» ሁሉ «ሃድ» አይደለም

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ እንግሊዝኛው ፓስት ፐርፌክት እናውራ። ሕጉ አንድ መስመር ነው። የሚያስቸግረን አፋችን ላይ የለመድናት «ነበር» ናት።

አሠራሩን ቶሎ እንጨርሰው። «ሃድ» ካላችሁ በኋላ የግሱን ሦስተኛ ቅርጽ፣ ቪ ስሪ የምንለውን ታስከትላላችሁ። ባለቤቱ «አይ»ም ይሁን «ሺ» ወይም «ዜይ»፣ «ሃድ» አይለወጥም። የሚበላሸው ቪ ስሪው ላይ ነው። «ሃድ ዌንት» ስህተት ነው፣ «ሃድ ጎን» ነው የሚባለው። «ሃድ ሶው»ም አይሆንም፣ «ሃድ ሲን» በሉ። እንደ «ዎርክድ» ያሉት ሁለተኛቸውም ሦስተኛቸውም አንድ ስለሆነ አያደናግሩም።

አሁን አንድ ፌርማታ አስቡ። «ስደርስ አውቶቡሱ ሄደ» ስትሉ አውቶቡሱ ዓይናችሁ እያየ ነው የተነሣው። «ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» ስትሉ ግን ፌርማታው ባዶ ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያው «ዌን አይ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ሌፍት» ሲሆን ሁለተኛው «ዘ ባስ ሃድ ሌፍት» ይላል። ካለፉት ሁለት ድርጊቶች ቀድሞ ያለቀው «ሃድ»ን ይወስዳል፣ የኋለኛው በፓስት ሲምፕል፣ እንደ «አራይቭድ» ባለው ተራ ኃላፊ፣ ይቀራል። «አፍተር» ወይም «ቢፎር» ገብቶ ቅደም ተከተሉ ከተለየ «ሃድ»ን ብትተዉትም ችግር የለውም።

እዚህ ድረስ አማርኛችን ይረዳናል። ከዚህ በኋላ ነው የሚያሳስተን። «ትናንት ደውዬልሽ ነበር» እንላለን፤ ሁለተኛ ድርጊት የለም። ይህን «አይ ሃድ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ካላችሁት ሰሚው «ከምን በፊት?» ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል። «አይ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ይበቃል። «ልወድቅ ነበር»ም «አይ ኦልሞስት ፌል» ነው፣ «እዚያ እሠራ ነበር» ደግሞ «አይ ዩዝድ ቱ ዎርክ ዜር»። አንዳቸውም «ሃድ» የላቸውም።

በትምህርት ቤት «ሄዶ ነበር»ን የሩቅ ኃላፊ ስለምንለው፣ «ሃድ» ለቆየ ነገር የሚሆን ይመስለናል። ርቀት ምንም አያገባውም! ምኒልክ አድዋ ላይ ያሸነፉት በ1888 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «ምኒልክ ወን አት አድዋ» ብሎ ያልፈዋል። ከአምስት ደቂቃ በፊት ያመለጣችሁ አውቶቡስ ግን «ሃድ» ይገባዋል፣ ከመድረሳችሁ ቀድሟላ።

አንድ ቦታ ደግሞ «ሃድ» የሚመጣው በ«ኖሮ» በኩል ነው። «ብትነግሪኝ ኖሮ እመጣ ነበር» ማለት «ኢፍ ዩ ሃድ ቶልድ ሚ፣ አይ ዉድ ሃቭ ከም» ነው። «ኖሮ» ያለበት ወገን «ሃድ»ን ይይዛል፣ «ነበር» ያለበት «ዉድ ሃቭ»ን። ብዙ ሰው «ዉድ»ን ከ«ኢፍ» ጎን ያስገባዋል፤ እዚያ አታስገቡት። ፈጥነው ሲናገሩ «አይ ሃድ»ም «አይ ዉድ»ም «አይድ» ተብለው ያጥራሉና፣ ስትሰሙ ተከታዩን ግስ ያዙ። «አይድ ጎን» ከሆነ «ሃድ» ነው፣ «አይድ ጎ» ከሆነ «ዉድ»።