ያስቃል ወይስ ያስለቅሳል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ፊልም ዘውጎች፣ ማለትም ስለ ፊልም ዓይነቶች፣ ላወራችሁ ነው፤ የምጀምረው ግን ከእናቴ ነው።

እናቴ ሲኒማ ቤት ስንሄድ ስለ ተዋናዮቹ አትጠይቅም። ትኬት ቆራጩን «ያስቃል ወይስ ያስለቅሳል?» ትለዋለች። ድሮ አፍር ነበር። አሁን ግን የዘውግን ነገር እንደዚህ አሳጥሮ የጠየቀ ሰው አላውቅም።

እስኪ የአማርኛ ስሞቻችንን አድምጧቸው፦ አስቂኝ፣ አሳዛኝ፣ አስፈሪ፣ ልብ አንጠልጣይ። ሁሉም የሚናገሩት እኛን ምን እንደሚያደርጉን ነው። ዌስተርን የሚባለው የካውቦይ ፊልም ግን ስሙ የቦታ ነው፤ የአሜሪካን ምዕራብ ይጠራል። ፊልም ኖይር ደግሞ በፈረንሳይኛ «ጥቁር ፊልም» ማለት ነው። የፊልም ሐያሲው ኒኖ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1946 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ የገቡትን የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች በዚህ ስም ጠራቸው፤ ሆሊውድ ግን ያን ጊዜ አብዛኞቹን ሜሎድራማ፣ ማለትም ስሜትን የሚያጋንን ድራማ፣ ነበር የሚላቸው።

ልብ አንጠልጣይ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም እወደዋለሁ። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ለሌላው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ የነገረው ዝነኛ ምሳሌ አለ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከሥሩ ቦምብ ተቀምጧል። እኛ ካላወቅን፣ ሲፈነዳ ለ15 ሰከንድ እንደነግጣለን። ቦምቡ ሲቀመጥ አይተን ከሆነ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀናል፤ «ኧረ ተነሡ!» ብለን ልንጮህ ይዳዳናል። ልብ የሚንጠለጠለው እኛ አውቀን እነርሱ ሳያውቁ ሲቀሩ ነው። ቃላችን እንዴት አድርጎ እንደያዘው ተመልከቱ!

ለዚህ ነው ፖስተር ላይ የሚጻፈውን ዘውግ እንደ ቃል ኪዳን የማየው። አንድ ቀን እናቴን አስቂኝ የፍቅር ፊልም ነው የተባለ ይዣት ገባሁ። ግማሹ ድረስ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ሙሽራዋ ሞተች። ሳቅና ኀዘን መቀላቀላቸውን አልጠላም፤ ሕይወትም እንዲሁ ነው። ግን ለዚህ ሞት የሚያዘጋጅ አንዲት ምልክት እንኳ ቀደም ብሎ አልነበረም። ዞር ብዬ ሳያት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ዝም ብላለች።

ታክሲ እስክንሳፈር ድረስ አልተናገረችም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ልቅሶ መሆኑን ብትነግረኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እመጣ ነበር» አለችኝ።