ዶላር ሲወደድ ወሎ ምን አገኘ?

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ አባቶች፣ እናቶች? ከቃሉም ከባቲም ድረስ የመጣችሁ፣ ኑሩልን። ስለ ብር መውደቅ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ኢኮኖሚክስ ላስተምራችሁ አይደለም፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ዶላር ሲወደድ የሚሸጥ ዶላር ያለው ማን ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ለቀቀው። በዚያው ቀን ዶላር ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘለለ፣ ዓመት ሳይሞላው 130ን አለፈ። አዲስ ነገር አይደለም። በ1985 ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሄዷል፣ በ2010ም ብር 15 በመቶ ተቀንሷል። ምክንያቱም ያው ነው፤ ዕቃችን ለውጭ ገዢ ይረክሳል፣ ኤክስፖርት ያድጋል፣ የውጭው ሲወደድ የራሳችንን እንጠቀማለን ነው የሚባለው። ሐሰት አይደለም። ግን ማዳበሪያውን፣ ነዳጁን፣ አብዛኛውን መድኃኒት ከውጭ ነው የምናመጣው፣ ተወደደ ብለን መተው አንችልም። ዋጋው ዛሬውኑ ይጨምራል፣ ኤክስፖርቱ ግን ገና ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶ ነው። ግብፅም በዚያው ዓመት ፓውንዷን ከ31 ወደ 50 ገደማ ስትለቀው ስንዴዋን የምትገዛው በዶላር ነበር።

ባለሱቁን አትርገሙት። ዘይቱን ያስገባው በድሮው ዋጋ ነው፣ እሺ። ግን በድሮው ዋጋ ከሸጠ ነገ ያንኑ ጀሪካን መልሶ የሚገዛበት ብር የለውም። (አጋጣሚውን ተጠቅሞ ሁለት እጥፍ የሚቆልል የለም አላልኩም፣ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።)

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ወሎ ውስጥ ሳዑዲ፣ ቤሩት ወይም ዱባይ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ልጅቷ 1,000 ሪያል ላከች እንበል። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ስለሆነ 267 ዶላር ገደማ ነው። ከሐምሌው በፊት ባንክ 15,000 ብር አካባቢ ይሰጥ ነበር፣ ጥቁር ገበያው ግን ዶላሩን ከ100 ብር በላይ ይመነዝረው ስለነበር በሀዋላ፣ ማለትም ከባንክ ውጭ በሰው እጅ፣ የሚመጣው ብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ማን ባንክ ሄደ? እንደ እውነቱ ከሆነ ብሩ የወደቀው ሐምሌ 22 አይደለም፣ ቀድሞ ወድቆ ነበር፣ ባንኩ ነው ዘግይቶ ያመነው። ስለዚህ ድሮም በሀዋላ ይቀበል የነበረ ቤተሰብ ከአዲሱ ተመን ብዙም አላተረፈም፣ ዘይቱና ስኳሩ ግን ጨመረበት። ልጅ የላከችለትስ ይሻላል። የመንግሥት ደመወዝተኛውና ጡረተኛው ምን ይሸጥ?

የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ እዩት። ለኤክስፖርት ነው የተሠራው። ጦርነቱ ጎዳው፣ በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ፣ ዕቃችንን ያለ ቀረጥ ከምታስገባበት ዕድል፣ አስወጣችን። ብሩ የፈለገውን ያህል ቢረክስ ገዢው በሩን ከዘጋ ሸሚዙ ለማን ይሸጣል? ተጠቃሚው ቡና እና ወርቅ ያለው አካባቢ ነው። ወርቁማ ጥቁር ገበያውን ትቶ ወደ ብሔራዊ ባንክ መግባት ጀመረ።

እኛስ ባዶ እጃችንን ነን? አይደለንም። የቃሉ ማሾ አለ፣ ውጭ አገር በዶላር ነው የሚሸጠው። የባቲ ከብትና ግመል አለ፣ ዓረቡ ይፈልገዋል። ግን ዶላሩ እጥፍ ሲሆን ማሾውን ያመረተው ገበሬ እጥፍ አገኘ ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ። ደላላው ስልክ አለው፣ የአዲስ አበባውን ዋጋ ጠዋት ያውቃል፣ ገበሬው ግን ጆንያውን አህያ ላይ ጭኖ ደርሶ ነው የሚሰማው፣ ያኔ ደግሞ ይዞ አይመለስም።

እዚህ አዳራሽ የዩኒየንና የኅብረት ሥራ ሰዎች አላችሁ፣ አያችኋለሁ። ከእናንተ የምፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። በየገበያው ቀን የማሾውን የምርት ገበያ ዋጋ በትልቁ ጽፋችሁ ገበያው መግቢያ ላይ ስቀሉ፣ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ ማጉያ ንገሩት። ከሚቀጥለው ገበያ ጀምሩት፣ እኔም መጥቼ አያለሁ። አመሰግናለሁ።