ሥልጠናው እታች ማን ጋ ደረሰ?

ክቡራን አባቶች፣ ሲስተሮች፣ ውድ ካቴኪስቶች፣ የካቶሊክን ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ፣ የንባብና የመዝሙር አገልጋዮች፣ በየቁምስናው፣ በየአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስማችሁ ሳይጠራ የምትለፉ ሁሉ፤ ወደ ማኅበራችን ጉባኤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሩቅ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶባችሁ ከፊሉን በሞተር ከፊሉን በእግር የመጣችሁም አላችሁ። ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ።

የመክፈቻ ንግግር ሲረዝም ሰው ሰዓቱን እንደሚያይ አውቃለሁ። ስለዚህ የማመሰግናቸውን ሁሉ አልዘረዝርም። ወጥ ቤት ያሉትን እናቶች ብቻ ከአሁኑ አመሰግናለሁ፤ ምሳ ሲቀርብ ሁላችንም ስለምንረሳቸው። የፊልጶስንና የጃንደረባውን ታሪክም ዛሬ አላነሣም። በየሥልጠናው መክፈቻ ሰምተነዋል፤ «የሚመራኝ ሳይኖር» ብዬ ብጀምር አዳራሹ በሙሉ ይጨርስልኛል።

አንድ ነገር ብቻ ነው ይዤ የመጣሁት። ሥልጠና እናገኛለን። አንዳንዶቻችንማ እስኪበቃን እናገኛለን። ግን ያገኘነው ሥልጠና እታች፣ ጸሎት ቤት ድረስ ይወርዳል ወይ? ቅዳሜ ከሰዓት ምንጣፍ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ጋ ይደርሳል? ለጥምቀት የሚዘጋጁት ንኡሰ ክርስቲያን ለውጡ ይታወቃቸዋል? እኔ እስከማየው ድረስ የሚደርሰው በጣም ጥቂቱ ነው።

አካሄዱን ታውቁታላችሁ። ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይመጣል። «ከየቁምስናው ሁለት ሁለት ሰው ላኩ» ይላል። ደብዳቤው እጃችን ሲገባ ቀኑ ደርሷል። የቁምስናው ኃላፊ ካህን፣ ቆሞሱ፣ ይደውላሉ። ስልኩን ማን ያነሣል? ኔትወርክ ያለበት ቦታ የሚኖረው፣ አስፋልት ዳር ያለው፣ አምናም ካቻምናም የሄደው ሰው። እሱው ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን በምዝገባና በትውውቅ ያልቃል፣ ሁለተኛው ቀን ፓወርፖይንት ነው፣ ሦስተኛው ቀን የቡድን ፎቶ፣ ሰርተፊኬትና አበል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። ከወር በኋላ ደውሎ «የተማርከውን አስተማርክበት ወይ?» የሚል የለም። ከተራራው ማዶ ያለው ካቴኪስት ደግሞ ሥልጠና እንደነበረ የሚያውቀው አንዱ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ሲለቀው ነው።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ አበል ነውር ነው አላልኩም። በእርሻ ወቅት በሬውን ፈትቶ የመጣ ሰው ትራንስፖርቱና ምሳው ሊሸፈንለት ይገባል። እንዲያውም የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1958 ዓ.ም. ስለ ተልእኮ ያወጣውን ሰነድ ቁጥር 17ን ብታነቡት ከኛ ማኅበር የወጣ አቤቱታ ይመስላችኋል። ለካቴኪስቶች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ይቋቋም፣ መጽሐፍ ቅዱስና ሥርዓተ አምልኮ በደንብ ይጠና፣ የማስተማር ዘዴም ይጨመር፣ በየጊዜው ዕውቀት የሚታደስበት መድረክ ይኑር ይላል። ሙሉ ጊዜያቸውን ለሚሰጡት ደግሞ ተገቢ ደመወዝና የኑሮ ዋስትና ይሰጣቸው ይላል። ይህ ከተጻፈ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆነው። አበሉ ችግር የሚሆነው የሥልጠናውን ቦታ ሲወስድ ነው። ተመላሹን ሰው «ምን ተማርክ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቶ «ስንት ሰጧችሁ?» የሚለው ሲበዛ ነው።

አንድ የማውቀውን ካቴኪስት ላንሣ። እዚህ የለም፣ ስሙንም አልጠራም። የሚያገለግለው ካህን በወር አንዴ፣ ክረምት ከገባ ከዚያም ባነሰ በሚደርስበት ጸሎት ቤት ነው። እሑድ ጠዋት ቃለ እግዚአብሔርን ያነባል፣ ያስረዳል፣ ጸሎቱን ይመራል። ሰው ሲሞት ቀብር ላይ እሱ ይቆማል። ባልና ሚስት ሲጣሉም እሱ ይጠራል። የሚያስተምርበት ደብተር አለው። ካቴኪስት ከነበረው አባቱ የወረሰው ነው፤ ሽፋኑን በፌስታል ጠቅልሎታል፣ ውስጡ ጥያቄና መልስ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። «ምስጢራት ስንት ናቸው?» ይላል። «ሰባት!» ይላሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ። በጣም ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው።

እኔ በነበርኩበት ቀን አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ጎረቤቶቻችን ጴንጤ ናቸው። እናንተ ማርያምን ታመልካላችሁ ይሉናል። ምን ልበላቸው?» አለች። ደብተሩ ላይ የለም። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «አትስሚያቸው» አላት። ልጅቷ ተቀመጠች።

ሰውዬው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እኔ እሱን ያህል የሚደክም አላውቅም። አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ፣ እመቤታችንን ግን እንደምናከብርና እንድትጸልይልን እንደምንለምናት፣ እናታችን ወይም ጓደኛችን እንዲጸልይልን እንደምንጠይቀው ማለት ነው፣ ይህችን የሚያስረዳው ሰው አላገኘም። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም። አንድ በደንብ የሠለጠነ ሰው ሄዶ አጠገቡ ቢቀመጥ፣ ሲያስተምር ቢያየው፣ ከዚያ ቡና እየጠጡ «ያቺን ጥያቄ እንዲህ ብትመልሳትስ?» ቢለው ይበቃል። በዚያ ላይ እሱ የሚያስተምረው በአካባቢው ቋንቋ ነው። እኛ የምንልክለት ጥራዝ ግን በአማርኛ ነው፣ አሠልጣኙ የሚያሳየው ስላይድ ደግሞ ግማሹ እንግሊዝኛ። በሁለት ቋንቋ ተጣርቶ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚቀር ገምቱት።

ከተማ ያላችሁ ችግሩ አይመለከተንም እንዳትሉ። የናንተ ልጆች የሃይማኖት ክርክሩን ቲክቶክ ላይ ጨርሰውት ነው የሚመጡት። ኦርቶዶክስ የሆነው ጓደኛቸው ስለ ጾም ይጠይቃቸዋል፣ ሌላው ስለ ፖፑ ይጠይቃቸዋል። ካቴኪስቱ ካልመለሰላቸው የሚመልስላቸው ሞልቷል።

በዚህ አገር ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ የኛ አቡነ ያዕቆብ፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ትግራይ ሲገቡ መጀመሪያ የሰውን ቋንቋና አኗኗር ነው የተማሩት። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ደግሞ አስቡ። የጎጃም ሰው፣ መነኩሴ፣ ሊቅ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከአቡነ ያዕቆብ ጋር እስከ ሮም ድረስ ተጉዘዋል፤ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ግን በ1844 ነው። በመሀል ያሉት ዓመታት የጥያቄ፣ የክርክር፣ አብሮ የመኖር ዓመታት ናቸው። ቅስና የተቀበሉት ከዚያ በኋላ፣ በ1851 ነው። ሊቁ ሰውዬ እንኳ ለመረዳት ዓመታት ወሰደባቸው፤ እኛ ማንበብ የሚከብደውን ገበሬ በሦስት ቀን ጨርሰነው እንልካለን።

አሁን ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ግንቦት 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ባወጡት ደብዳቤ ካቴኪስትነትን ምእመናን በይፋ የሚሾሙበት ቋሚ አገልግሎት አደረጉት። ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የመጀመሪያዎቹን ሲሾሙ ብዙዎቻችን በስልክ ተከታትለነዋል፤ ወንዶችም ሴቶችም ቀርበው ከእጃቸው መስቀል ተቀበሉ። እንደ ግእዝ ሥርዓታችን ያሉ የምሥራቅ ሥርዓት አብያተ ክርስቲያናትም በየራሳቸው ሕግ መሠረት ሊቀበሉት እንደሚችሉ ደብዳቤው ይናገራል፤ እዚህ አዳራሽ ላይ የላቲን ሥርዓትም የግእዝ ሥርዓትም ልጆች ስላለን ነው ይህን መጥቀሴ። በኛ አገር መቼና እንዴት የሚለው የብፁዓን አባቶቻችን ውሳኔ ነው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። ግን ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈለግ ተጽፏል። ጥልቅ እምነትና ሰብአዊ ብስለት ያለው፣ በማኅበረ ምእመናኑ ውስጥ የሚሳተፍ፣ ሰው የሚቀበል፣ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በነገረ መለኮት፣ በሐዋርያዊ ሥራና በማስተማር ዘዴ የሠለጠነ። አንዳንዶቻችን መስቀሉን ለመቀበል ተሰልፈናል። ሥልጠናው ላይ ያለው ሰልፍ ግን አጭር ነው።

ዕድሉ የለም አይባልም። የራሳቸው የካቴኪስት ማሠልጠኛ ያላቸው ሀገረ ስብከቶች አሉ። ቢሾፍቱ የጀስዊት አባቶች የገሊላ ማዕከል አለ፤ ለሱባኤና ለመንፈሳዊ ሕይወት እንደሱ ያለ ጸጥ ያለ ቦታ ብዙ አላውቅም። አዲስ አበባ የካፑቺን አባቶች የምርምርና የሱባኤ ማዕከል አለ። ከአገር ውጭ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤያት ማኅበር፣ አሜሲያ የምንለው፣ ድሮ ኡጋንዳ ጋባ የነበረውን የሐዋርያዊ ሥራ ማሠልጠኛ ተቋሙን ኤልዶሬት ኬንያ ያስተዳድራል። እዚያ መሄድ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ ለማን እንደሚሆን ሳንዋሽ እንነጋገር። ለአብዛኞቻችን ቅርብ የሆነው ኪሳችን ውስጥ ያለው ነው። የቫቲካን ዜና በአማርኛ አለ፣ የሰንበት ወንጌል አስተንትኖውን ቅዳሜ ማታ አንብቦ እሑድ መቆም ይቻላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በአማርኛ ተተርጉሟል። ቁምስናችሁ ውስጥ አንድ ቅጂ ካለ ከቁልፍ ሣጥን አውጡት በሉልኝ።

ስለ እኅቶቻችን አንድ ነገር ልበል፣ ይኼ የሚያናድደኝ ጉዳይ ነው። ሕፃናትን በየሳምንቱ የሚያስተምሩት ባብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሥልጠና ላይ ግን የሚታዩት ወንዶች ናቸው። ለምን? ሥልጠናው አዳር ስለሚጠይቅ። የምታጠባ እናት ሦስት ሌሊት የት ትደር? እንስራና ከብት ያለባት ሴት ለማን ትታ ትሂድ? ከዚያ ሪፖርታችን ላይ «የሴቶች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ብለን እንጽፋለን፣ ራሳቸው እምቢ ያሉ ይመስል። ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት የሚያልቅ፣ ቁምስናው ግቢ ውስጥ የሚሰጥ፣ ሕፃን የሚይዝ ሰው የተመደበበት ሥልጠና ቢሆን አዳራሹ አይበቃቸውም።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ከልጆች ጋር የሚሠራ ማንኛውም ሰው የሕፃናት ጥበቃን ሳይማር ክፍል መግባት የለበትም። ይህን የማንወያይበት ነገር ነው ብዬ ነው የማምነው። ዱላ ይዞ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ካለም ዱላውን እዚህ ጥሎ ይሂድ።

ከሻይ በኋላ የሥራ አመራሩ ይዞት የመጣው ሐሳብ ይቀርብላችኋል። ባጭሩ እንዲህ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ሥልጠናችን ከከተማ ወጥቶ ወደ ቁምስና ይውረድ፤ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በአካባቢው ቋንቋ። ትልቁ ሥልጠና ላይ የሚሄድ ሰው የሚመረጠው ስልክ ስላነሣ ሳይሆን በጸሎት ቤቱ ሰዎች ምስክርነት ይሁን። ሄዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ለሌሎች ካቴኪስቶች እስኪያካፍል ድረስ በድጋሚ አይላክ። አሠልጣኞቹም በየጸሎት ቤቱ እየዞሩ ሲያስተምሩ ይዩ፣ ይርዱ።

«ገንዘቡስ?» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ መሰለኝ። ከውጭ የሚመጣው እርዳታ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን የሆቴል አዳራሽ፣ የአዳር፣ የሻይና የባነር ወጪ ሲቀር ብዙ ነገር ይቀላል። ለትራንስፖርት የሚያስፈልገውን ቁምስናዎች ከአሥራታቸው እንዲያወጡ ከቆሞሶቻችን ጋር መነጋገር ይኖርብናል፤ አባቶች፣ አሁን ፊታችሁን እያየሁ ነው፣ በጣም አልተቆጣችሁም። ሐሳቡን የማትቀበሉት ካላችሁ በግልጽ ተናገሩ። በር ላይ ቆማችሁ ከምታሙን እዚህ ብትቃወሙን ይሻላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወንበራችሁ ላይ ቅጽ አለ። የጸሎት ቤታችሁን ስም፣ ካህን በወር ስንት ጊዜ እንደሚደርስ፣ በምን ቋንቋ እንደምታስተምሩ፣ ስንት ልጆች እንዳሏችሁ ጻፉ። ከታች ባዶ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ልጆች ጠይቀዋችሁ መመለስ ያቃታችሁን ጥያቄ ጻፉልን። የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ትምህርት የምናዘጋጀው ከነዚያ ጥያቄዎች ነው። መጻፍ የሚከብደው ሰው ካለ ጎኑ ያለው ይጻፍለት። እስክሪብቶ ከጸሐፊያችን መውሰድ ይቻላል፣ መልሱላት ብቻ፤ አምና ግማሹ ሳይመለስ ቀርቷል። ጉባኤው ተከፍቷል።