ከፕሌይኦፍ በፊት ኦፌንስ ይስተካከላል ወይ? በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከቨርጂኒያ በኩል የመጣችሁ ደግሞ የቤልትዌይ አውራ ጎዳናን መጨናነቅ ችላችሁ ነውና ምስጋናው እጥፍ ነው። ምግቡ የጾምም የፍስክም አለ። የጾሙ በግራ በኩል ነው። የዶሮ ዊንጉ ሆን ተብሎ ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ለጿሚ አዝነን ነው።

የሒሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡልናል። ምርጫው ከምሳ በኋላ ነው። እኔ ማይክ የተሰጠኝ ሊቀ መንበር ስለሆንኩ ብቻ ስለሆነ፣ በየእሁዱ ቴሌቪዥን ፊት ስለምንጨቃጨቅበት ነገር፣ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ሊግ ስለ ኤንኤፍኤል ላውራ።

ዲሴምበር በገባ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። "ይሄ ኦፌንስ ከፕሌይኦፍ በፊት ይስተካከላል ወይስ በዚሁ ሊገባ ነው?" (ለአዲሶች፦ ኦፌንስ የቡድኑ አጥቂ ክፍል ነው፤ ፕሌይኦፍ ደግሞ ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚመጣው ጥሎ ማለፍ።) ግማሻችን የዋሽንግተን፣ ግማሻችን የባልቲሞር ደጋፊ ነን። ከዳላስ ጋር የቆረባችሁም አላችሁ፤ እናውቃችኋለን። ጭንቀቱ ግን የሁላችንም ነው። አንዱ አሰልጣኙ ይባረር ይላል። ሌላው ኳስ ወርዋሪው፣ ኳርተርባኩ፣ ይቀየር ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብሎ ቁርጡን ይነግረንና ሰሃኑን ይዞ ይነሳል።

የኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይስተካከላል። ግን አዲስ ነገር በመጨመር አይደለም። ያሉትን ሰዎች ትክክለኛ ቦታቸውን በማስያዝና ጥፋት በመቀነስ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኳርተርባኩ ፊት የሚቆሙትን አምስቱን ሰዎች በማስተካከል ነው።

ለምን አይጨመርም ብትሉ፣ ጊዜው የለም። የተጫዋች ዝውውሩ ዲሴምበር ሳይደርስ ተዘግቷል። ልምምዱም እንደምናስበው አይደለም። ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር በ2011 የተፈራረሙት ስምምነት፣ በመደበኛው የውድድር ጊዜ ሙሉ ትጥቅ ለብሶ መለማመድን በ14 ቀን ገደበው። ከነዚህ ውስጥ 11ዱ በመጀመሪያዎቹ 11 ሳምንታት የሚያልቁ ናቸው። ለዓመቱ መጨረሻ የሚተርፉት 3 ቀን ናቸው። የፊት መስመር ተጫዋች ደግሞ መግፋትን በወሬ አይማርም። ሠርግ ነገ ሆኖ ዛሬ ማታ ወጥ መሥራት የሚማር ሰው የለም። የትኛው ድስት ላይ ማን ይቁም የሚለውን መወሰን ግን ይቻላል።

እዚህ ሜሪላንድ የደረሰውን ነገር ላንሳ። በ2012 ዓመቱ ሲጀመር ባልቲሞር ጥሩ ነበር። 9 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፎ ነበር። ከዚያ ፒትስበርግ በ23 ለ20 ረታው። ቀጥሎ ዲሴምበር 9 ላንዶቨር ላይ ከዋሽንግተን ጋር ተጫወተ። ይሄን ግማሻችሁ በደስታ፣ ግማሻችሁ በንዴት ታስታውሱታላችሁ። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ሮበርት ግሪፈን ተጎዳ። አዲሱ ልጅ ከርክ ከዝንስ ተቀይሮ ገባና በመጨረሻው ደቂቃ ታችዳውን (ጎሉ ክልል ውስጥ የሚገባ፣ ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) ወረወረ። አቻ የምታደርገውን ተጨማሪ ሁለት ነጥብ ደግሞ ራሱ በእግሩ ሮጦ አገባው። በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ28 አለቀ። (እዚያ ጋ የምታጨበጭቡት፣ ይበቃል።)

በማግስቱ ሰኞ ዋናው አሰልጣኝ ጆን ሃርባው የማጥቃት አሰልጣኙን ካም ካሜሮንን አባረረ። ፕሌይኦፍ ሊገባ አንድ ሐሙስ የቀረው፣ 9 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው ይሄን ያደረገው። ቦታው የተሰጠው የኳርተርባኮች አሰልጣኝ ለነበረው ለጂም ካልድዌል ነው። ካልድዌል የኢንዲያናፖሊስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የዋንጫው ፍጻሜ፣ የደረሰ ሰው ነው። ሆኖም በኤንኤፍኤል ውስጥ ጨዋታ ጠርቶ፣ ማለትም ቀጥሎ የሚሞከረውን አጨዋወት መርጦ፣ አያውቅም ነበር።

መጀመሪያ ምን ሆነ? ባሰበት! ካልድዌል በጠራው የመጀመሪያ ጨዋታ ባልቲሞር በገዛ ሜዳው በዴንቨር 34 ለ17 ተቀጣ። ከዕረፍት በፊት የባልቲሞሩ ኳርተርባክ ጆ ፍላኮ ጎሉ አፋፍ ላይ ሆኖ የወረወረውን ኳስ ክሪስ ሃሪስ ጠለፈና 98 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ሮጦ አገባው። ፍላኮ ከኋላ ቢሮጥ ቢሮጥ አልደረሰበትም፤ መሬት ላይ ተዘረጋ። ያን ቀን "ድሮስ ምን ተብሎ" ያላለ ሰው የለም። ዛሬም አንድ አሰልጣኝ ተቀይሮ በሳምንቱ ውጤት ሳይመጣ ሲቀር "አየህ!" የምትሉኝ ሰዎች፣ ይቺን ጨዋታ አስቧት።

በሳምንቱ ባልቲሞር የወቅቱን ሻምፒዮን ኒው ዮርክ ጃይንትስን 33 ለ14 አሸነፈ። ቡድኑ 533 ያርድ ሄደ። ኳሱ ወደ ሜዳው መሀል መወርወር ጀመረ። አንክዋን ቦልደንን የመሰለ ጡንቻማ ተቀባይ ይዞ በዳር በዳር ብቻ መጫወት ቀረ።

እዚህ ላይ ከብዙዎቻችሁ እለያለሁ። ምስጋናው ሁሉ ለካልድዌል ተሰጥቷል። ሰውየው ይገባዋል፤ አልነፍገውም። ለኔ ግን ትልቁ ሥራ የተሠራው ፊት መስመሩ ላይ ነው፤ ማንም ብዙ አላወራለትም። ከአምስቱ ዳር ዳር የሚቆሙት ታክል፣ ከነሱ ቀጥሎ ያሉት ጋርድ፣ መሀለኛው ሴንተር ይባላሉ። ዓመቱን ሁሉ የግራ ታክል የነበረው ማይክል ኦር ነው። የቀኝ ታክል ጀማሪው ልጅ ኬሌቺ ኦሴሜሌ ነበር። ግዙፉ ብራያንት ማኪኒ ደግሞ ወንበር ያሞቅ ነበር። ፕሌይኦፍ ሲገባ ሃርባው ማኪኒን አስነስቶ ግራ ላይ አቆመው። ኦርን ወደ ቀኝ ወሰደው። ኦሴሜሌን ወደ ውስጥ አስገብቶ የግራ ጋርድ አደረገው። መሀል ላይ ሴንተሩ ማት በርክ፣ ከጎኑም የቀኝ ጋርዱ ማርሻል ያንዳ በቦታቸው ቀሩ።

ልብ በሉ። አንድም አዲስ ሰው አልተገዛም። ሁሉም እዚያው የነበሩ ናቸው። የሦስት ሰው ቦታ ነው የተቀየረው። አምስቱ በዚህ አሰላለፍ አብረው የጀመሩትም ተሸንፎ ቤት በሚኬድበት ጨዋታ ነው። ካልድዌልን በ2012 ጃንዋሪ ካባረረው ከኢንዲያናፖሊስ ጋር፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2013። የገና ዋዜማ ነበር። ስንቱ ቤት ዶሮ እየተገነጠለ፣ በሌላ ዓይን ቴሌቪዥን ይታይ እንደነበር እናንተው ታውቃላችሁ። ቦልደን ብቻውን 145 ያርድ ይዞ 24 ለ9 አሸነፉ።

ከዚያ ዴንቨር። ያው በዲሴምበር የቀጣቸው ቡድን ነው። አሁን ደግሞ በዴንቨር ሜዳ፣ አጥንት በሚሰብር ብርድ። አንድ ቡድን ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም የሚለውን ለመለካት ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላውቅም። ተጋጣሚው አንድ፣ ልዩነቱ አራት ሳምንት ነው።

ባልቲሞር 35 ለ28 እየተመራ ነው። የቀረው ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ኳሱ በራሱ 30 ያርድ ላይ ነው። ሦስተኛ ዳውን ነው፤ 10 ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው ማለት ነው። 3 ያርድ ይቀራል። ፍላኮ ኳሱን ተቀበለ። የሚያሳድዱት ከዳርና ዳር እየከበቡት ነው፤ መሀሉ ግን አልተናደም። ወደ ፊት የሚገባበት ቦታ አገኘ። ገባና ኳሷን ሰማይ ላይ ሰቀላት። በቀኝ መስመር ጃኮቢ ጆንስ እየሮጠ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። የዴንቨሩ ራሂም ሙር ቀድሞ ዘለለ፣ ኳሷ በላዩ አለፈች። 70 ያርድ፣ ታችዳውን! በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ጀስቲን ተከር ከ47 ያርድ መትቶ 38 ለ35 ጨረሰው። እርግጥ ከ38ቱ 7ቱ ዲፌንሱ፣ ተከላካዩ ክፍል፣ ኳስ ጠልፎ ያስገባው ነው፤ እውነቱ ይነገር።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ሙር ስህተት ነው። እኔ ደግሞ ያቺን ወደ ፊት መግቢያ ቦታ እላለሁ። እሷ ባትኖር ኳሷ ከእጁ አትወጣም ነበር።

የጥምቀት ሰሞን ኒው ኢንግላንድን በሜዳው 28 ለ13 አሸነፉ። ቃና ዘገሊላ ዕለት ነበር። ለዕረፍት 13 ለ7 እየተመሩ ገብተው፣ ከዕረፍት በኋላ ሦስት ታችዳውን አከታተሉ። ሱፐር ቦውሉንም በ34 ለ31 ወሰዱት። ፍላኮ በአራቱ ጨዋታ 11 ታችዳውን ወረወረ፤ አንድም ኳስ አልተጠለፈበትም። ዲሴምበር ላይ መሬት ላይ የተዘረጋው ሰውዬ ነው ይሄ።

"አንድ ተአምር ነው" እንዳትሉኝ ካንሳስ ሲቲንም ልጥቀስ። የ2023ቱን ማለቴ ነው። በፈረንጅ ገና ዕለት በገዛ ሜዳቸው በሬይደርስ 20 ለ14 ተሸነፉ። በሰባት ሴኮንድ ልዩነት የተጋጣሚው ዲፌንስ ሁለት ታችዳውን አገባባቸው። ተቀባዮቹ እጃቸው የገባ ኳስ ይጥሉ ነበር። እነሱ ሲሻሻሉ እንደ ባልቲሞር አልፈኩም። እንዲያውም ባልቲሞር ድረስ መጥተው ሲያሸንፉን ከዕረፍት በኋላ አንድም ነጥብ አላስቆጠሩም፤ 17 ለ10 ነው ያለቀው። ያደረጉት ነገር ቢኖር ጥፋት ማቆም ነው። በመደበኛው ጊዜ 14 ኳስ የተጠለፈበት ኳርተርባካቸው ፓትሪክ ማሆምስ በአራት የፕሌይኦፍ ጨዋታ የተጠለፈበት አንድ ብቻ ነው። በኖቬምበር ከፊላደልፊያ ጋር ሲጫወቱ ማሸነፊያዋን ኳስ የጣለው ማርኬዝ ቫልዴስ ስካንትሊንግ፣ እኛን የቀበረችውን የመጨረሻ ኳስ ያዛት። እስካሁን ያመኛል።

የማይስተካከልም አለ። ፒትስበርግ በ2020 በተከታታይ 11 አሸነፈ። ዋሽንግተን መጥቶ 23 ለ17 ሲያቆመው ብዙ ሰው አጋጣሚ ነው አለ። አልነበረም። ቡድኑ ሮጦ መጫወት አይችልም ነበር፤ በሩጫ ያርድ ከሊጉ 32 ቡድኖች መጨረሻ ነበር። አጭር አጭር ኳስ ብቻ ይወረውራል። ተጋጣሚዎቹ ሲነቁ ሁሉም ወደ ፊት ተጠግቶ መጠበቅ ጀመረ። ፒትስበርግ ግን ማንንም ሳያነካካ ፕሌይኦፍ ገባ። ከክሊቭላንድ ጋር የመጀመሪያዋ ኳስ በኳርተርባኩ በቤን ሮትልስበርገር አናት ላይ አልፋ ሄደች። ክሊቭላንዶች ጎሉ ውስጥ ወደቁባትና ታችዳውን ሆነች። የመጀመሪያው ሩብ 28 ለ0 አለቀ፤ ጨዋታው 48 ለ37። የማጥቃት አሰልጣኙን ያሰናበቱት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስለዚህ የዘንድሮውን የየቡድናችሁን ጨዋታ ስታዩ ኳሷን ለጊዜው ተዉአት። ኳርተርባኩ ኳስ ከተቀበለ በኋላ ያለውን ሦስት ሴኮንድ ፊት መስመሩን እዩ፤ በተለይ ግራውን። መጀመሪያ ዳውን ላይ ስንት ያርድ እንደሄዱ ቁጠሩ። ሁልጊዜ ሁለተኛ ዳውን ላይ 9 እና 10 ያርድ የሚቀረው ቡድን፣ ማንም ቢጠራለት አይድንም። በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት ጥፋት ቢጫ ጨርቅ የሚወረወርበትንም ተስፋ አታድርጉበት። ግን አሰልጣኙ ሰው ሲያቀያይር ካያችሁ፣ ውጤቱ በመጀመሪያው ሳምንት ቢበላሽም ታገሱት።

የዋይልድ ካርዱ፣ የፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ዙር፣ ቅዳሜና እሁድ አዳራሹ ተይዟል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የምትመጡ ቦታ እንዲያዝላችሁ አስቀድማችሁ ለጸሐፊያችን ንገሩ። ባለፈው ዓመት ቆማችሁ ያያችሁ አላችሁና ወንበር ጨምረናል። ታዳጊ ልጆቻችሁንም አምጡ፤ ሕጉን ከኛ በተሻለ የሚያስረዱን እነሱ ናቸው።

አሁን የሒሳቡን ሪፖርት ለመስማት መድረኩን ለገንዘብ ያዣችን እለቃለሁ። ስለ ፍላኮ የሚከራከረኝ ካለ ከምሳ በኋላ ቡናው ጋ ነኝ። አመሰግናለሁ።